የፖስታ ቆጣሪ ለ5 ዓመት በሊዝ ውሰዱ እያሉን ነው፣ እህቴ ትፈርም ወይስ ትተወው?

ከዚራ_ነኝ፦

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም እንዳላችሁ አውቃለሁ ሰላም ብያለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ግን እዚህ ቤት ውጭ ያለውም ውስጥ ያለውም ስላለ አንድ የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ነው።

ታላቅ እህቴ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው ያለችው። የሐረር ቡና በጥሬው ከአስመጪ ትገዛና ቆልታ፣ አሽጋ ትሸጣለች። ትንሽ ቤት ናት፣ እሷና አንዲት ልጅ ብቻ ናቸው። ሒሳቡን እኔ ነኝ የምይዝላት፣ እዚሁ ድሬ ሆኜ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። ክፍያ የለውም፣ እህት ናት ምን ይደረግ።

በወር ወደ 120 ደብዳቤ ትልካለች። አብዛኛው ለሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚሄድ ኢንቮይስ ነው፣ የቀረው ለአዲስ ደንበኛ የምትልከው የምስጋና ካርድ ነው። ከዛ ሌላ በወር 50፣ 60 የቡና ጥቅል አለ። እስካሁን ቴምብር እየገዛች በእጇ ነው የምትለጥፈው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሻጭ ደወለላት። ፖስታ የሚመዝን፣ ዋጋውን አስልቶ ራሱ በቀይ ቀለም ፖስታው ላይ የሚያትም የፖስታ ቆጣሪ የሚባል ማሽን አለን፣ ቴምብር መለጠፍ ቀረ፣ በወር 32 ዶላር ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነጻ፣ ግን እስከ አርብ መፈረም አለብሽ። እሷ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ውሉን በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ ሆዴን ቆረጠኝ። 6 ገጽ ነው፣ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው ጽሑፉ። 60 ወር ይላል። ክፍያው በየ3 ወሩ ነው የሚሰበሰበው፣ 96 ዶላር በአንዴ። ሲያልቅ ማሽኑ የእሷ ይሆናል የሚል ቃል አጉልቼ አጉልቼ ብፈልግ የለም።

እና ለምን አትገዛውም አልኳት። አይሸጥም ብለውኛል አለች። ይሄ እውነት ነው? የማይሸጥ ማሽን አለ እንዴ? ሰው ያጭበረብራት ይሆን እያልኩ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አርብ ቅርብ ነው።

መጋላ_በላይ፦

አቦ ሊዝ ስትል መሬት ወጣ ብዬ እየሮጥኩ ነው የገባሁት። ሃሃሃ። 32 ዶላር ለቴምብር? ምላስ በነጻ አላት አይደል።

ለገሀሬ_ማዶ፦

ወንድሜ ተረጋጋ፣ ይሄን በደንብ ነው የማውቀው። የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ቨርጂኒያ እህትህ አካባቢ ለትናንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ። ይሄ ማሽን በየዓመቱ አንድ ሁለቱን ያስለቅስብኛል።

መጀመሪያ፣ አይሸጥም ያሏት ውሸት አይደለም። እዚህ አገር ቆጣሪው የግለሰብ አይሆንም፣ ሕጉ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ቴምብር ማተም ስለሆነ፣ ገንዘብ ማተም በለው፣ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሰጣቸው አቅራቢዎች ብቻ ናቸው የሚያከራዩት። አራት ናቸው፦ ፒትኒ ቦውስ፣ ኳዲየንት፣ ኤፍፒ እና ዳታፓክ። ሚዛኑንና ፖስታ የሚጎትተውን አካል ልትገዛው ትችላለህ፣ ቆጣሪውን ግን አትችልም። መጋላ ሳያውቀው ልክ ብሏል፣ እንደ መሬት ሊዝ ነው፤ ቤቱ ያንተ፣ መሬቱ የመንግሥት።

አሠራሩን ለመረዳት የካርድ ቆጣሪ መብራት አስብ። ካርድ ትሞላለህ፣ በተጠቀምክ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይጠፋል። ይሄም እንደዛው ነው። ብር በኢንተርኔት ይጫናል፣ አንድ ፖስታ ባተመ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ሒሳብ ስትይዝ ሁለቱን እንዳትደባልቅ፣ 32ቱ ዶላር የማሽኑ ኪራይ ነው፣ የፖስታው ዋጋ ሌላ ነው። ብዙ ሰው 32 ዶላር ከፍዬ እልካለሁ ብሎ ያስባል። እህትህንም እንደዛ መስሏት እንዳይሆን ጠይቃት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በጁላይ 2025 በወጣው ታሪፍ ተራ ደብዳቤ በቴምብር 78 ሳንቲም ነው፣ በቆጣሪ ሲታተም 74። ልዩነቱ 4 ሳንቲም ነው። 120 ደብዳቤ ስንት አተረፈ? 4 ዶላር ከ80። 4 ዶላር ከ80 ለማትረፍ 32 ዶላር። 32ቱን ብቻ ለመመለስ በወር 800 ደብዳቤ መላክ አለባት። እሱም ቀለሙን ሳትቆጥር ነው። ቀለሙ ደግሞ ከሱቅ የምትገዛው ዓይነት አይደለም፣ ለዚህ የተሠራ የሚያበራ ቀይ ቀለም ነው፣ ዋጋውን ስታይ ወርቅ ነው እንዴ ትላለህ።

ሻጩ የሚነግራት ሌላ ትርፍ አለ፣ እሱ ውሸት አይደለም። ሰው ወፍራም ፖስታ ሲያጋጥመው ለጥንቃቄ ሁለት ቴምብር ይለጥፋል፣ 1 ዶላር ከ56 ማለት ነው። ቢመዘን ግን ሁለት አውንስ የሆነ ደብዳቤ 1 ዶላር ከ7 ይበቃው ነበር። ማሽኑ ይሄን ያስቀራል። ግን እህትህ ቡና ነጋዴ ናት፣ ሚዛን አላት! በዛው ትመዝንና የተጨማሪ ክብደት ቴምብር የሚባል አለ፣ እሱን ትጨምርበት፣ አለቀ።

ውሉ ላይ እንዲህ የሚሉ አንቀጾች ካሉ ንገረኝ። አንድ፣ ሲያልቅ በጽሑፍ ካላሳወቀች በራሱ ይታደሳል የሚል። ሁለት፣ ማሽኑ ቢበላሽም ክፍያ አይቆምም የሚል። ሦስት፣ ለማሽኑ የኢንሹራንስ ማስረጃ ካላቀረበች እኛ አስገብተን እናስከፍላለን የሚል። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ሰው የሚያማርሩት። እና ሁለት ውል ሊሆን ይችላል ያስፈረሟት፣ አንዱ የእቃው ሊዝ አንዱ የቆጣሪው ኪራይ፣ አንዱን ስታቋርጥ ሌላው ይቀጥላል። ለቤቱ ሸማች እንደሚደረገው ሀሳቤን ቀየርኩ ብሎ በ3 ቀን መመለስ ደግሞ ለንግድ ውል አይታሰብ።

ለቡናው ጥቅል ግን ጭራሽ አታስፈልጋትም። በኢንተርኔት ሌብል፣ ማለትም ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻና የክፍያ ወረቀት፣ የሚታተምበት አለ፣ የፖስታ ቤቱ የራሱ አለ፣ ፓይሬት ሺፕ የሚባልም አለ፣ ነጻ ነው። ስሙ የባሕር ወንበዴ መርከብ ማለት ነው፣ አትደንግጥ። የነጋዴ ዋጋ ይሰጣታል፣ በተራ ፕሪንተር ታትማለች፣ ትለጥፋለች። ለደብዳቤም ከኮምፒውተር የሚታተምበት በወር የሚከፈል አገልግሎት አለ፣ በቃኝ ስትል የምታቋርጠው። 120 ደብዳቤ ግን እሱንም አይመልስ።

ከዚራ_ነኝ፦

ወላሂ እግዜር ይስጥህ። ሦስቱም አሉ! የመጀመሪያው ደግሞ የባሰ ነው፣ ከማለቁ ከ120 ቀን በፊት ካሳወቅሽ ቀደምሽ፣ ሊያልቅ ከ90 ቀን ያነሰ ሲቀረው ካሳወቅሽ ዘገየሽ ይላል፣ በመሀል ያለው 30 ቀን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ከ5 ዓመት በኋላ ያቺን ወር ማን ያስታውሳታል? ካለፈ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል።

እኔ ስደምረው 60 በ32፣ 1,920 ዶላር ነው። 3 ወሩ ነጻ ቢሆንም። እሷ 32 ብቻ ነው ያየችው።

ሳቢያን_ኮፒ_ቤት፦

የእኔን ልንገርህና ፍርዱን ለራስህ። ኮፒ ማሽን በኪራይ ወሰድኩ ከአንድ አቅራቢ፣ ስሙን ተወው። ውሉ እንዲህ ይላል፣ በወር ይሄን ያህል ገጽ ኮፒ አደረግክም አላደረግክም የእሱን ሒሳብ ትከፍላለህ፣ ከበለጠ ለየገጹ ትጨምራለህ፣ ቶነር ከእኔ ብቻ ነው የምትገዛው። ጥሩ ነው አልኩ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰልፍ ነው ብዬ። ሰልፉ እውነት ነው፣ መስከረምና ጥቅምት እጄ አይበቃም ነበር። ከዛ መብራት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ኪራዩ አይቆምም። ክረምት ሲገባ ተማሪ የለም፣ ኪራዩ አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ የውስጡ ሮለር ተበላሸና ሰው ላኩልኝ ስላቸው ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ 3 ሳምንት ጠበቅሁ፣ የእነዛን 3 ሳምንታትም ከፍያለሁ።

ባጃጅ ነድተህ ታውቃለህ? ገቢ ማለት ይሄ ነው። ሠራህም አልሠራህም ማታ ለባለቤቱ ታስገባለህ። ዝናብ ነበር፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ፈነዳ፣ እሱን አያውቅም። ሾፌሩ ግን ቢያንስ በማግስቱ ቁልፉን መልሶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እህትህ ለ60 ወር ቁልፉን መመለስ አትችልም።

ሊዝ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የማምረቻ ማሽን ከልማት ባንክ በሊዝ የወሰደ ጓደኛ አለኝ፣ 20 በመቶውን እሱ አዋጣ፣ የቀረውን ባንኩ፣ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ነው። የእናንተው ከፍላችሁ ከፍላችሁ መጨረሻ ላይ የመመለሻ ማጓጓዣውንም በራሳችሁ ነው የምትከፍሉት መሰለኝ፣ እሱንም እየው።

መጋላ_በላይ፦

እኔ አሁን ቁም ነገር ላውራ። ያገለገለ በኢንተርኔት አይሸጥም? ኢቤይ ላይ በ50 ዶላር አይቻለሁ። ገዝታ ትገላገል።

ለገሀሬ_ማዶ፦

አይ መጋላ። ያ የሚሸጠው አካሉ ነው። ቆጣሪው አቅራቢው ዘንድ በእሷ ስም ካልተመዘገበ ብር አይጫንበትም፣ ካልተጫነ ደግሞ አያትምም። የሌላ ሰው ስም ያለበት ከሆነ ደግሞ ጣጣ ነው። የሞተ ቆጣሪ ገዝተህ መብራት እየጠበቅክ ማለት ነው።

አንድ የረሳሁት ነገር። ቴምብር ዛሬ ለጥፈህ ከሳምንት በኋላ ብትልከው ችግር የለም። በቆጣሪ የታተመው ግን ቀን አለው፣ በላዩ ላይ ባለው ቀን መላክ አለበት። እህትህ ማታ አትማ ጠዋት የምትረሳ ዓይነት ከሆነች አስብበት። ቀኑ ያለፈበትን ቀን ማስተካከያ ደግማ ማተም ይኖርባታል።

ከዚራ_ነኝ፦

እሷ? አንዴ የራሷን የልደት ካርድ ረስታ ከዓመት በኋላ ነው የላከችልኝ።

ጁገል_አምስት_በር፦

እኔ የሐረር ነኝ፣ የማይገባኝ ሌላ ነገር ነው። ለምን ኢንቮይሱን በኢሜይል አትልከውም? 120ውም ደብዳቤ ይቀራል፣ ማሽንም ቴምብርም የለም።

ከዚራ_ነኝ፦

ሞክራለች። ለሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ኢሜይል ላክህ ማለት ደቻቱ ላይ ጣልክ ማለት ነው፣ አይከፍትም። ወረቀቱ ካሸሩ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ይከፈላል። አንዷ እንኳን በኢሜይል የመጣ ኢንቮይስ ኢንቮይስ አይመስለኝም ብላታለች።

ጡረታ_የወጣሁ_ፖስተኛ፦

ልጆቼ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ ነበር፣ ዝም ማለት አቃተኝ። ፖስታ ቤት ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሐረርም ድሬም።

ይሄ ቆጣሪ የምትሉት አዲስ ነገር አይደለም። ፒትኒ የሚባለው ሰው የመጀመሪያ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ባቡሩ ድሬ የገባውም በዚያው ዓመት ነው፣ ከተማችንና ማሽኑ እኩያ ናቸው ማለት ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለሥራ የፈቀደው ግን በ1920 ነው፣ ፒትኒ ከቦውስ ጋር ከተጣመረ በኋላ። 18 ዓመት ደጅ ጠና። ለምን መሰላችሁ? ፖስታ ቤት ቴምብሩን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አይወድም። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ አይሸጥም የሚባለው፣ ሻጩ ብልጥ ስለሆነ አይደለም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ምኒልክ ፖስታን በ1886 ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የተከፈቱት እንጦጦና ሐረር ናቸው፣ ጁገል ይሄን አንብብና ኩራ። ቴምብሩ ፓሪስ ታትሞ ነው የመጣው። ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃውም ነበር፣ የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። አንዳንድ ሰብሳቢ ዘንድ ሁለቱ ጎን ለጎን የተለጠፉበት ፖስታ አይቻለሁ። ዋጋው አይጠየቅም።

አሁን ምክር ልስጥ። በመስኮት ተቀምጬ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ብዙ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ሚዛንና ሰዓት ያስጨንቀዋል፣ ትንሽ የሚልክ ደግሞ ሰልፍ ያስጨንቀዋል። ያቺ ልጅ ሰልፍ ከሆነ ያስቸገራት ቴምብሩን በጥቅል ገዝታ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጥ። እዚያ አገር ፎርኤቨር የሚሉት አለ፣ ታሪፍ ቢጨምርም የገዛሽው ይሠራል። ዋጋ ያልተጻፈበት ቴምብር ነው፣ እኛም ቢኖረን ስንት ሰው ከደጅ ባልተመለሰ።

ሳቢያን_ኮፒ_ቤት፦

ጋሼ ይኑሩልን። የድሬ ሰው አንቱ አያውቅም ይባላል፣ ለእርስዎ ግን ተምሬ መጣሁ።

ጁገል_አምስት_በር፦

ኮራሁ ጋሼ። እንጦጦና ሐረር፣ ድሬዎች ሰማችሁ? እናንተ ያኔ ገና ቁጥቋጦ ነበራችሁ።

መጋላ_በላይ፦

ባቡር ግን እኛ ጋ ነው የቆመው።

ለገሀሬ_ማዶ፦

ከዚራ፣ አርብ ከመድረሱ በፊት እህትህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ትጠይቀው። ወር በወር ኪራይ አላችሁ ወይ፣ ካላችሁ በጽሑፍ ላኩልኝ ትበለው። ያለው አቅራቢ አለ፣ ኪራዩ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ውሉ አንገት አይዝም። ስንቱን እንዳየሁ ብነግርህ፣ አርብ የሚባል ነገር የለም፣ ሰኞም ቢሆን ያው ዋጋ ነው። 3 ወር ነጻ ያላትንም በጽሑፍ ትጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ነጻው ወር መጨረሻ ላይ ይጨመርና 63 ወር ይሆናል።

ከዚራ_ነኝ፦

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እናንተ ስለጠየቃችሁኝ ውጤቱን ልንገር።

ደወለችለት። ወር በወር በጽሑፍ ላክልኝ ስትለው አለቃዬን ልጠይቅ ብሎ ዘጋ። እስከ አርብ ማታ አልደወለም። የ3 ወሩንም አንቀጽ አገኘሁት፣ ገጽ 4 ላይ፣ ለገሀሬ እንዳልከው መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው። ይሄን ስነግራት ለደቂቃ ዝም አለች፣ ከዛ ማርያምን ብፈርም ኖሮ እናቴ አትለቀኝም ነበር አለች። እናታችን ቀበሌ ስትሄድ እንኳ ሦስት ሰው ሳያነብላት አትፈርምም።

ሁለት ጥቅል ቴምብር ገዝታለች፣ አንዱ ጥቅል 100 ነው፣ 78 ዶላር። ጥቅሎቹን ከቡናው ሚዛን ጎን አስቀምጣለች፣ ፎቶ ልካልኛለች። የቡናውን ሌብል ከኮምፒውተር ማተም ጀምራለች። የመጀመሪያውን ቀን ሌብሉን ተገልብጦ ለጥፋ አምስት ፓኬት ፈትታ እንደገና አሽጋለች፣ እሱን የእኔ ጥፋት ነው ትላለች፣ በስልክ እየመራኋት ስለነበር።

ማሽኑን ጭራሽ አልተወችውም በነገራችሁ ላይ። ደብዳቤው በወር 800 ሲደርስ ታየዋለህ ትላለች። ቡናው እንደዛ ከተሸጠ እኔም በነጻ ሒሳብ አልይዝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር። ስለ ጅቡቲና ስለ እኛ ቴምብር የጻፉትን ስነግራት በጣም ደስ ብሏት፣ ለእኚህ አባት በእጄ ለጥፌ አንድ ካርድ እልካለሁ ብላለች። የፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፣ እዚህ እንዳይጽፉት።

ጡረታ_የወጣሁ_ፖስተኛ፦

ልኬልሃለሁ። ቴምብሩን ጥግ ላይ አትለጥፈው በላት፣ ማኅተሙ ሲያርፍበት ይበላሻል፣ የልጅ ልጄ ትሰበስባለች። ትንሽ ወደ ውስጥ ታስገባው።